ቁጡዋ፣ ዝምተኛዋና እኔ

በእኛ ጤና ጣቢያ ሁላችንም ሲስተር ነን። በሽተኞቹ ስማችንን አያውቁም፤ ቢያውቁትም አይጠሩበትም። ስለዚህ አንዳችንን ከሌላችን የሚለዩበት የራሳቸው ዘዴ ነበራቸው። ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ተደግፈው፣ «ዛሬ ቁስል የምታጥበው የትኛዋ ናት? ቁጡዋ ናት ዝምተኛዋ?» ብለው ይጠይቃሉ። ሁለቱም ካልሆኑ እኔ ነኝ። እኔን «ሳቂታዋ» ይሉኛል።

ሳቂታ የተባልኩት ደስተኛ ስለሆንኩ አይደለም። ስደነግጥ ሳቅ ይመጣብኛል። ተማሪ ሆኜ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ሲሞት ያየሁ ቀን አፌን በሁለት እጄ አፍኜ ወደ ኮሪደር ሮጥኩ። አስተማሪያችን የማለቅስ መስሏት ጀርባዬን እያሻሸች «አይዞሽ፣ ትለምጂዋለሽ» አለችኝ። ሞቱን ለመድኩት፤ ሳቁ ግን እስከ ዛሬ አልተወኝም።

ጤና ጣቢያው ከቁስቋም ዝቅ ብሎ፣ ዳገቱ ወገብ ላይ ነው ያለው። ቁስል የምናጥብበት ክፍል ከግቢው ጥግ ነው፤ አንድ አልጋ፣ ሁለት ወንበር፣ አንድ መስኮት አለው። መስኮቱ የሚያየው ወደ ባህር ዛፉ ነው። ጠብ የሚጀመረው ከሱ ነበር። ቁጡዋ ስትገባ ትከፍተዋለች፤ «ሰው ጤና ጣቢያ ውስጥ አየር ካላገኘ የት ሊያገኝ ነው?» ትላለች። ዝምተኛዋ ስትገባ ምንም ሳትል ሄዳ ትዘጋዋለች፤ ከመንገዱ የሚነሳው አቧራ ቁስል ላይ ያርፋል። ሁለቱም ትክክል ነበሩ።

ቁጡዋ ሰፋ ያለች፣ ፈጣን፣ ድምጿ ከክፍሉ እስከ በሩ ዘበኛ የሚሰማ ሴት ናት። የማትቆጣው ሰው አልነበረም። የተቃጠለ ልጇን በጥርስ ሳሙና ቀብታ ያመጣችውን እናት ትቆጣለች፣ ሰልፍ የሚያበላሸውን ትቆጣለች፣ ፋሻ ሲያልቅ አስተባባሪዋን ትቆጣለች። እየተቆጣች ግን ትጠይቃለች። ስንት ልጅ አለዎት? ማን ነው የሚያበስልልዎት? ቤትዎ የት ነው? ለምንድነው ፊትዎ የጠቆረው? ቁስሉ ታጥቦ እስኪያልቅ ድረስ የሰውየውን ኑሮ ከነጎረቤቱ ታውቀዋለች። ፕላስተሯ ጠማማ ነው፤ አንዳንዴ በማግስቱ ተላጦ ይመጣል።

ዝምተኛዋ ቀጭን ናት፣ ቁመቷ ረዘም ያለ። ወደኛ ከመምጣቷ በፊት ክፍለ ሀገር አንድ ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና ክፍል ሠርታለች። በሥራ ላይ ከአፏ የሚወጡት ቃላት የሚታወቁ ናቸው፤ «ይቀመጡ»፣ «እግርዎን»፣ «ከነገ ወዲያ ይምጡ»። እጇ ግን እንዴት ያለ እጅ ነው! ሲያዩን ብቻ የሚያለቅሱ ሕፃናት እሷ እያጠበቻቸው እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። እሷ ያሰረችው ፋሻ ዝናብ ቢመታውም አይላላም። አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ «ለምንድነው የማታወሪው?» አልኳት።

«ሳወራ እጄ ይሳሳታል» አለችኝ። በቃ፣ ይህን ብቻ።

አይዋደዱም ነበር። ቁጡዋ፣ «ከሷ ጋር ከመዋል ከግድግዳው ጋር መዋል ይሻለኛል» ትለኛለች፤ ያውም ሴትየዋ እየሰማች። ዝምተኛዋ ስለ ቁጡዋ ለማንም አንድም ቃል ተናግራ አታውቅም። ቁጡዋ ስትገባ ግን የሥራ ትሪዋን ወደ ሌላው የጠረጴዛ ጫፍ ትገፋዋለች። እኔ መሀል ላይ ሆኜ እስቃለሁ።

ሸማኔው ወደኛ መምጣት የጀመሩት ክረምቱ እንደወጣ ነው። ስልሳ ዓመት የሚሆናቸው፣ አጠር ያሉ፣ ንጹሕ ሰው ናቸው፤ የሚለብሱትን ጋቢ ራሳቸው ነው የሠሩት። በልጅነታቸው ከደቡብ ደጋ ከአጎታቸው ጋር መጥተው ከዚያ ወዲህ ሽሮ ሜዳ ኖረዋል። ስኳር አለባቸው። የጫማቸው ሚስማር ወጥቶ አውራ ጣታቸው ሥር ወግቷቸው፣ ስላልተሰማቸው ብዙ ቀን በሱ ላይ ሄደውበታል። ስኳር እንዲህ ያደርጋል፤ የእግርን ስሜት ቀስ እያለ ይወስደዋል። ሲመጡ ቁስሉ የሳንቲም ስፋት ነበረው።

የሸማኔ እግር እንደ እጁ መሆኑን ያወቅሁት ከሳቸው ነው። ሸማኔ ሲሠራ እግሩን የሚያስገባበት ጉድጓድ አለ፤ እዚያ ውስጥ የተንጠለጠለውን የመርገጫ ገመድ በአውራ ጣታቸውና በሁለተኛው ጣት መሀል ይይዙታል። አንዱን ሲጫኑ ድሩ ይከፈታል፣ መወርወሪያው ያልፋል፤ ሌላውን ሲጫኑ ይዘጋል። ይህን የነገሩኝ አልጋው ላይ ተቀምጠው ባዶ እግራቸውን አየር ላይ ከፍ ዝቅ እያደረጉ ነው። እረፉ የተባለውም ይኸው እግር ነበር። የጥር ሠርግ እየመጣ ነው፤ ያልተጨረሰ ሥራ ደግሞ ይጠብቃቸዋል።

አንድ ቀን ቀርተው በማግስቱ መጡ። ተረኛዋ ቁጡዋ ነበረች።

«አባቴ፣ ትናንት የት ነበሩ?»

«ሥራ ነበረኝ ልጄ።»

«ምን ሥራ? ጉድጓድ ውስጥ ገብተው ሲረግጡ ዋሉ? በዚህ እግር?»

«ቀስ ብዬ ነው የምረግጠው።»

«ቀስ ብለው!» አለች። ውጭ አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ሁሉ ወደ በሩ ዞሩ። «እኔ እዚህ ሳጥብ እርስዎ እዚያ የሚያፈርሱት ከሆነ እኔና እርስዎ ምን እየሠራን ነው? እግርዎን ማስቆረጥ ነው የሚፈልጉት? ነገ ባይመጡ ወየውልዎ! እቤትዎ ነው የምመጣው!»

«እሺ ሲስተር፣ እሺ።»

«እሺ ማለቱንማ ያውቁበታል!» አለችና ፋሻውን እየጠቀለለች በዚያው ትንፋሽ፣ «ልጅዎ ፈተናዋን አለፈች?» ብላ ጠየቀች።

አለፈች አሉ። ሁለቱም ፊታቸው በራ።

ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት ቁጡዋ ፈቃድ ወጣች፤ ተረኞቹ ዝምተኛዋና እኔ ነበርን። ሸማኔው ሲገቡ ሽታውን ከበሩ አወቅሁት። ፋሻው ሲፈታ አውራ ጣቱ ጠቁሮ ነበር። ዝምተኛዋ ጎንበስ ብላ ጠርዙን በመቆንጠጫው ጫፍ ነካ ነካ አደረገችው። እሳቸው እግራቸውን እንኳ አልሰበሰቡም።

«ዛሬ አያመኝም እኮ ሲስተር» አሉ። «ያን ሰሞን ትንሽ ይወጋኝ ነበር፤ አሁን ጭራሽ የለም። እየዳነ ነው፣ አይደል?»

እጇ ቆመ። ቀና ብላ አየቻቸው፤ ከዚያ ወደ ቁስሉ ተመለሰች። አጠበችው። ሸፈነችው። ፋሻውን እጥፍ በእጥፍ እያደረገች፣ ጫፉን ወደ ውስጥ እየሸጎጠች አሰረችው። እንዲህ አምሮ የታሰረ እግር አይቼ አላውቅም።

«ነገ ይምጡ» አለች።

ሸማኔው ፊቷን አዩት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ሳቅኩ። ጫማቸውን አጥልቀው ቀስ ብለው ወጡ።

ዝምተኛዋ ወዲያው ጓንቷን አውልቃ ወደ ሐኪሙ ክፍል ሄደች። ሐኪሙ ስብሰባ ወጥቶ ነበር። ተመልሳ መጥታ፣ «ነገ እሱ ባለበት ይነገራቸው። ሆስፒታል መሄድ አለባቸው» አለችኝ። ያሰበችው በሥርዓቱ ነው፤ ወደ ሆስፒታል የሚልከው ሐኪሙ ነው፣ እንዲህ ያለውን ነገር የሚናገረውም እሱ ነው።

በማግስቱ ሸማኔው አልመጡም። በሦስተኛውም ቀን አልመጡም። ስልካቸውን ስንደውል ዝግ ነው።

በሦስተኛው ቀን ቁጡዋ ከፈቃድ ተመልሳ ገባች። ገና ጋውኗን ሳትቆልፍ ስለሳቸው ጠየቀች፤ ነገርኳት። «ኧረ እኚህ ሰውዬ!» ብላ ልትጀምር ስትል ዝምተኛዋ ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ብረቱ ጮኸ።

«አንቺ ነሽ ያባረርሻቸው» አለች።

ድምጿ ይህን ያህል እንደሚወጣ አላውቅም ነበር። እሷም የምታውቅ አልመሰለኝም።

«እኔ?»

«ያን ሁሉ ሰው በተሰበሰበበት እግርህ ይቆረጣል የተባለ ሰው ምን ሊሆን ይመጣል? ሽማግሌ ሰው ናቸው። አዋረድሻቸው።»

«እኔ ነኝ ያዋረድኳቸው?» አለች ቁጡዋ። «ቢያንስ እኔ እንደ ሰው አናግሬያቸዋለሁ! አንቺ እግራቸውን እንጂ መቼ እሳቸውን አይተሽ ታውቂያለሽ? ቤታቸው የት እንደሆነ ታውቂያለሽ? ንገሪኝ እስቲ! ሚስት አላቸው? ልጅ አላቸው?»

አልጋው ላይ ክንዷን ዘርግታ ተራዋን የምትጠብቅ ልጅ አንዴ አንዷን አንዴ ሌላዋን ታያለች። ያኔ ሳቄ መጣ። ልይዘው ሞከርኩ፤ በአፍንጫዬ አመለጠኝ። ሁለቱም እኩል ወደ እኔ ዞሩ።

«ምን ያስቅሻል?» አሉኝ፣ ሁለቱም ባንድ አፍ።

አስተባባሪያችን በር ላይ ቆመው ነበር። ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ፣ ነገር የማያበዙ ሴትዮ ናቸው። ማን ምን አለ ብለው አልጠየቁም። «የልጅቷን ክንድ አጥባችሁ ጨርሱላት» አሉ። «ከዚያ ሦስታችሁም ሂዱና ሰውየውን አምጧቸው። ክፍሉን እኔ እይዘዋለሁ።»

ከሰዓት በኋላ በእግራችን ወጣን። ፀሐዩ ጥሩ ነበር። ቁጡዋ ከፊት ነው የምትሄደው፤ በየሱቁ ሰላም የምትለው ሰው አለ፣ እየሄደች የሰው ደም ግፊት ትጠይቃለች፣ አንዷን ነጋዴ መድኃኒቷን ስላቋረጠች ነጠላ በተሰቀለበት በር ላይ ቆማ ተቆጣቻት። ዝምተኛዋ የሥራ ቦርሳውን ይዛ ከኋላ ትከተላለች፤ ጋዝ፣ ፋሻ፣ ጓንት፣ ማጠቢያ፣ ሁሉንም አሰናድታ ነው የወጣችው። እኔ በመሀል። አንዷ ስትፈጥን ሌላዋ ስትዘገይ፣ ሁለቱን እንዳላጣ ስዞር አንገቴ ደከመ።

ቤቱን ያገኘነው በቁጡዋ ነው። አንድ ጊዜ ቁስል ሲታጠቡ የነገሯት በቂዋ ነበር፤ ከቆርቆሮ መሸጫው ጀርባ፣ አረንጓዴ በር፣ በስተቀኝ የመጀመሪያው ግቢ።

ግቢው ውስጥ ከአንዱ ክፍል የመርገጫውና የመወርወሪያው ድምፅ ይሰማል። ገባን። ሦስት ሰዎች በየጉድጓዳቸው ተቀምጠው ይሠራሉ። አንደኛው ሸማኔው ናቸው። የታመመውን እግር በፌስታል ጠቅልለው ከጉድጓዱ ውጭ ዘርግተውታል፤ ሁለቱንም ገመድ በደህናው እግር ብቻ እየቀያየሩ ይረግጣሉ። ፊታቸው በላብ ርሷል። ድሩ ላይ ያለው ጥለት የሠርግ ነው፤ ወርቅማና ቀይ።

«ይውጡ ከዚያ!» አለች ቁጡዋ። «አሁኑኑ ይውጡ! እቤትዎ እመጣለሁ አላልኩም?»

ሸማኔው ቀና ብለው አይተዋት ሳቁ። «ብለሻል፣ መጣሽም» አሉ። ባለቤታቸው ከጓዳ ወጥተው ሰላም አሉን፤ ከሸማኔው ጋር በቋንቋቸው ተነጋገሩና አንድ አግዳሚ ወንበር አመጡልን። የተቀመጠ የለም።

ዝምተኛዋ ወደ ፊት ወጣ አለች። መልሱን አስቀድማ የምታውቀው መስሏት ነበር ብዬ አስባለሁ። ቁጡዋ እንድትሰማውም ፈልጋለች።

«አባባ፣ ለምንድነው የቀሩት? ያስቀየመዎት ሰው አለ?»

ሸማኔው ክሩን ከጣታቸው አላቀቁ። ወደ ቁጡዋ በአገጫቸው እያመለከቱ፣ «እሷማ ትጮህብኛለች» አሉ። «ነገ ባትመጣ ወየውልህ ትለኛለች። ስለዚህ ነገ አለ ማለት ነው እልና እሄዳለሁ። ተስፋ ቢስ ሰው ላይ ማን ይጮሃል?» ከዚያ ዝምተኛዋን አዩ። «አንቺ ግን ልጄ፣ እየዳነ ነው ወይ ብዬ ስጠይቅሽ መልስ አጣሁ። ከዚያ እግሬን እንደ አስከሬን ገነዝሽው። በቃ፣ አለቀ አልኩ። እግሬ መሄዱ ካልቀረ፣ ሳይሄድ በፊት የሙሽሮቹን ልብስ ልጨርስ ብዬ ነው።»

«ነገ ይምጡ ብዬዎት ነበር» አለች ዝምተኛዋ ቀስ ብላ።

«አፍሽ ብሏል። ፊትሽ አላለም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ይቺኛዋ ደግሞ ሳቀች። እሷንስ ጭራሽ አልገባችኝም።»

አጠገባቸው የሚሠራው ሰው ፈገግ አለ። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ አልሳቅኩም፤ ፊቴ ጋለ እንጂ።

ዝምተኛዋ የሥራ ቦርሳውን አወረደች። ከዚያ ጋውኗን ሰብስባ መሬቱ ላይ፣ ከጉድጓዱ ጠርዝ ተቀመጠች። ጓንት አጠለቀች። ፌስታሉን ፈታች፤ የራሷን ፋሻም ፈታች። ሌሎቹ ሁለት ሸማኔዎች ሥራቸውን አቁመው ነበር።

«አባባ፣ የማየውን ልንገርዎት?»

«ንገሪኝ።»

«ይህ አውራ ጣት ሞቷል። ያላመመዎት ለዚህ ነው። አይድንም።»

ባለቤታቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። እሳቸው እግራቸውን እያዩ ነው።

«እዚህ ጋ ስጫንዎት ይሰማዎታል?»

«ትንሽ።»

«እዚህስ?»

«አዎ። ይሰማኛል።»

«ይሄ በሕይወት አለ። ቀይ ሆኖ የሚታየው ደህናው ሥጋ ነው፤ ከዚህ ጀምሮ ወደ ላይ እግርዎ ጤና ነው። ዛሬ ከሄድን የሚወሰደው ጣቱ ነው። እዚህ ከተቀመጡ ግን ወደ ላይ ይወጣል፣ ያኔ የሚወሰደው እግሩ ይሆናል።»

«ያለ ጣቱ እንዴት አድርጌ ነው የምረግጠው?»

«እሱን አላውቅም» አለች። «ሽመና አላውቅም። ቁስሉን ግን አውቀዋለሁ፤ የነገርኩዎት እውነቱን ነው።»

ቁጡዋ አንድ ነገር ትላለች ብዬ ዞር ስል የለችም። ወጥቼ ፈለግኋት። ከውሃ ሮቶው ጀርባ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ቆማ ዓይኗን በጋውኗ እጅጌ ትጠርጋለች።

«ነገረቻቸው?» አለችኝ ሳትዞር።

«ነገረቻቸው።»

«እኔ እንዲህ ያለውን አልችልም» አለች። «መጮህ እችላለሁ። ጉልበት የሚጠይቅ ነገር ካለ አምጪልኝ። ሰው ቁጭ ብሎ እንዲህ ሲነገረው ስሰማ ግን ጥዬ እወጣለሁ። ከድሮም እንዲህ ነኝ።»

«እንዲህ ሆነሽ ነው የምትጮኺው?»

«እዚያ ሳይደርሱ ልመልሳቸው ብዬ ነዋ!» ብላ ጮኸችብኝ። ሳቅኩ። አልተቀየመችኝም፤ አፍንጫዋን ጠርጋ ገባች።

ስንመለስ ሸማኔው ከጉድጓዱ ወጥተው ጫማ ያደርጉ ነበር። የጀመሩትን ጥለት አጠገባቸው የሚሠራው ሰው ሊጨርስላቸው ተስማምቷል፤ የትኛው ቀለም ከየትኛው ቀጥሎ እንደሚገባ እየነገሩት ነው። እኔ ታክሲ ይዤ መጣሁ። ወደ ጤና ጣቢያችን ተመልሰን ሐኪሙ የመላኪያ ወረቀቱን ጻፈልን፤ ከዚያ በዚያው ታክሲ ጳውሎስ አካባቢ ወዳለው ትልቁ ሆስፒታል ወረድን። ሆስፒታል በር ላይ ስንደርስ ቁጡዋ ድምጿ ተመለሰላት። ተሽከርካሪ ወንበሩን ከየት እንዳመጣችው እንጃ። «መንገድ! መንገድ ስጡን!» እያለች በሰዉ መሀል ስትገፋቸው ሸማኔው ወንበሩን በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ «ቀስ በይ ልጄ፣ ከጣቴ በፊት አንገቴ እንዳይሄድ» ይሏታል።

አውራ ጣታቸው ተወሰደ። እግራቸው ተረፈ። ከሆስፒታል ሲወጡ ቁስሉን ለማሳጠብ ወደኛው ተመለሱ፤ ብዙ ጊዜ ፈጀ፣ ሙሉ በሙሉ የዳነው ፋሲካ ካለፈ በኋላ ነው። ጥር ላይ ሌሎቹ ሸማኔዎች ሥራውን ተካፍለው አደረሱላቸው። እሳቸው መሥራት ሲጀምሩ አማቻቸው ገመዱ ጫፍ ላይ ሰፋ ያለ እንጨት አሰረላቸው፤ በጣት ሳይሆን በውስጥ እግራቸው ይረግጡታል። እንደ ድሮው አይፈጥንም አሉኝ። ሲሠሩ አንድ ቀን ሄጄ አይቻለሁ፤ ለኔ ዓይን ያው ነው፣ እሳቸው ግን ልዩነቱን ያውቁታል።

ከዚያ ወዲህ ዝምተኛዋ ቁስል ስታጥብ ትናገራለች። መጀመሪያ ላይ ለመስማት ይከብድ ነበር፤ ድምፅዋ የተጻፈ ነገር የምታነብ ያስመስላት ነበር። «ጠርዙ ቀይ ነው። መግል የለም። ከትናንቱ ጠቧል።» ቁጡዋ መስኮቱን እየከፈተች፣ «ዜናው ተጀመረ!» ትላታለች። ሁሉም በሽተኛ አልወደደውም። ጡቷ ላይ እባጭ ወጥቶባት የምትመጣ አንዲት አራስ፣ «ሲስተር በማርያም ይዤሻለሁ፣ ዝም ብለሽ እጠቢልኝ፤ ስትናገሪ ያስመልሰኛል» አለቻት። ዝምተኛዋ ግራ ገባት። «ታዲያ ምን ላድርግ?» ብላ እኔን ጠየቀችኝ። እኔ ምን አውቃለሁ? ከዚያ በኋላ መጀመሪያ መጠየቅ ጀመረች። መስማት የሚፈልጉ አሉ፣ የማይፈልጉ አሉ፤ አንዳንዱ ሰው ሰኞ ፈልጎ ረቡዕ አይፈልግም።

ቁጡዋ አልተለወጠችም። እንደውም ሸማኔው የመሰከሩላት ከመሰላት ወዲህ ብሶባታል። «የምጮኸው ለተስፋ ነው!» ትለናለች። አስተባባሪዋም፣ «ተስፋውን ትንሽ ቀነስ አድርጊው፤ ማዋለጃ ክፍል ድረስ ይሰማል» አሏት።

ሁለቱ ጓደኛ አልሆኑም። መስኮቱም እንደተለመደው ሲከፈትና ሲዘጋ ይውላል። ባለፈው ዓመት ግን አንድ ጠዋት፣ ገና በሽተኛ ሳይገባ፣ ቁጡዋ እናቷን ይዛ መጣች። ወፈር ያሉ፣ ፀጉራቸውን በሻሽ ያሰሩ ሴትዮ ናቸው፤ አብረዋት ነው የሚኖሩት። ከሳምንታት በፊት ገላቸውን ስታጥባቸው ጡታቸው ላይ እብጠት አግኝታ አስመርምራቸዋለች። ውጤቱን ለኔ የነገረችኝ ዋዜማውን ነበር፤ ካንሰር ነው። ለእናቷ አልነገረቻቸውም። ሐኪሙ ልንገራቸው ሲላት እኔ እነግራታለሁ ብላ ይዛቸው ወጥታለች።

እናቷን አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጠቻቸው። ከዚያ ወደ ዝምተኛዋ ሄዳ አጠገቧ ቆመች።

«ንገሪያት» አለቻት። «ሁሉንም ታውቂዋለሽ፤ ወረቀቱን አሳይሻለሁ። እኔ አልችልም። ሐኪሙ ደግሞ አያውቃትም።»

ዝምተኛዋ ወረቀቱን ተቀብላ አነበበች። «እኔስ የት አውቃቸዋለሁ?» አለች።

«አንቺ አትዋሺም።»

ዝምተኛዋ እጇን ታጠበች። ለምን እንደታጠበች አላውቅም፤ የምትነካው ቁስል አልነበረም። ወንበር ስባ ከሴትዮዋ ፊት ተቀመጠች። አፏን ከመክፈቷ በፊት እናትየው ቀደሟት።

«እሷ ሰሞኑን አልተቆጣችኝም» አሉ ወደ ልጃቸው እያዩ። «ጨው አብዝቼ ስበላ ዝም። ሳልነግራት ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ዝም። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። አሁን ስሙን ንገሪኝና የሚደረገውን ንገሪኝ።»

ነገረቻቸው። ስሙን፣ የት እንዳለ፣ ወዴት እንዳልደረሰ፣ ቀዶ ሕክምናው ምን እንደሚመስል፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን መድኃኒትና ፀጉራቸው ሊረግፍ እንደሚችል። ረጅም ጊዜ ወሰደ፤ በሕይወቷ ያን ያህል አውርታ የምታውቅ አይመስለኝም። ቁጡዋ ጀርባዋን ሰጥታን መስኮቱ ጋ ቆማ ነበር። አልወጣችም።

እናትየው ቀዶ ሕክምናውን አደረጉ፤ መድኃኒቱንም እየወሰዱ ነው። ፀጉራቸው እንደተባለው ረገፈ። ሆስፒታል በተኙበት ሰሞን ዝምተኛዋ የእረፍት ቀኗን አጠገባቸው ተቀምጣ ትውል ነበር፤ ማንም ሄደሽ ጠይቂያቸው አላላትም። ቁጡዋ አንድ ቀን ከሥራ መልስ ስትደርስ ሁለቱን አልጋውና ወንበሩ ላይ ዝም ብለው አገኘቻቸው።

«ምን ስታወሩ ዋላችሁ?» አለች።

«ምንም» አሉ እናቷ። «ዛሬ ገና አረፍኩ።»

ይህን በማግስቱ ክፍላችን ውስጥ በንዴት ስትነግረኝ ዝምተኛዋ ፋሻ እየቆረጠች ነበር። ቀና አላለችም፤ ትከሻዋ ግን ሲንቀጠቀጥ አየሁት። እየሳቀች ነበር።